የድብልብሌ ጾም

ጎንደር ላይ መርዶ ተሯሩጦ አይነገርም። አስቀድሞ አጎት ይሰማዋል፣ ቀጥሎ የንስሐ አባት፣ ቀጥሎ የእድሩ ዳኛ፤ ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማና በመጨረሻ የሐዘኑ ባለቤት ዘንድ ይደርሳል። ያቺ ባለቤት አራስ ከሆነች ልጁ ክርስትና እስኪነሣ፣ ሠርግ የደገሰች ከሆነች ሙሽራዋ እስክትሸኝ፣ የታመመች ከሆነች እስኪሻላት ይጠበቃል። ሟች እንደሆነ አይቸኩልም። ጭንቁ ያለው ምስጢሩን ይዞ ከሐዘኑ ባለቤት ጋር አንድ ትሪ ላይ ለሚበላው ሰው ነው።

በዚህ ታሪክ ያ ሰው ወለላ ናት። ወንድሟን አምሐን የሊቢያ ባሕር በልቶት ቀርቷል። ይህን አጎቷ አያ ባህሩ ያውቃል፣ የንስሐ አባታቸው ያውቃሉ፣ ከግድግዳ ወዲያ ያለችው እትዬ ምንዳዬ ታውቃለች፤ ከሠፈሩ አፋፍ የሚቆሙት የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ አውቀው፣ ወለላ ስታልፍ ሙዚቃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። የማታውቀው እናቱ የትነበርሽ ብቻ ናት። እንዳታውቅ የተደረገውም ለዓይኗ ሲባል ነው።

የትነበርሽ ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ሸፍኗት ከርማ ነበር። ጥር ሊያልቅ ሲል የተሻለው ዓይኗ ተገፈፈላት። ሐኪሙ ዓይኗን በጥጥ ከድኖ ሲሸኛት ወለላን ለብቻዋ ጠራትና እናቷ እንዳታጎነብስ፣ ከባድ እንዳታነሣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንዳታለቅስ አስጠነቀቃት። ቁስሉ ገና ሳይደርቅ አለነ ደወለ። አለነ የዛሪማ ልጅ ነው፤ ከአምሐ ጋር አብሮ በመተማ የወጣ፣ አብሮት ጀልባ የተሳፈረ። የከተራ ዕለት ጀልባዋ ስትገለበጥ እሱን ዓሣ አጥማጆች አወጡት። አምሐን ያወጣው የለም። አለነ ይህን የነገረው ለአያ ባህሩ ነው፤ ነግሮም ሲጨርስ እሱ ራሱ ስለ መትረፉ ይቅርታ ጠየቀ።

ሽማግሌዎቹ አያ ባህሩ ቤት ተሰበሰቡ። ለእናቲቱ መቼ ይነገር ተባለ። የትነበርሽ እህህ ብላ የምትተው ሴት እንዳልሆነች፣ ባሏ የሞተ ጊዜ ፊቷን ቧጥጣ ጠባሳው ዛሬም እንዳለ ሁሉም ያውቃል። አሁን ብታለቅስ ዓይኗ መጥፋቱ ነው። አያ ባህሩ፣ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ዓይኗ ይዳንና ያኔም ታለቅሳለች አለ። የንስሐ አባቷም ተስማሙ፤ ፍትሐቱ በቤተ ክርስቲያን በዝምታ ተደረገ። ሸጋ ፍርድ ነበር። ግን ስለ ድብልብሌ ማንም ምንም አላነሣም፤ ከወለላ በቀር ድብልብሌ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቅ በዚያ ቤት አልነበረምና።

ድብልብሌ ሰው አይደለም፤ እንስሳም አይደለም። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች ለልጆች ብለው የፈጠሩት ፍጡር ነው። እንደ እንቧይ ክብ ነው። አንዱ ጆሮው ቆሟል፣ አንዱ ወድቋል። ጭራው ጫፍ ላይ ትንሽ መብራት አለችው፤ ሲጠግብ ቦግ ትላለች፣ ሲርበው ትደበዝዛለች፣ በጣም ሲርበው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ቋንቋ የለውም። ይንጫጫል፣ ያኮርፋል፣ በጣም የሚወደውን እንቁላል ሲበላ ደግሞ ያስነጥሰዋል። በቃ፣ ዓለም ያበደለት ነገር ይኸው ነው።

አምሐና ወለላ መጀመሪያ ያዩት ልጆች ሳሉ፣ በዲሽ ከሚገባ የዓረብ ቻናል ላይ ነው። ፊልሙ ላይ ያሉት ሌሎቹ ሁሉ በዓረብኛ ሲያወሩ አንድም ቃል አይገባቸውም ነበር፤ የሚገባቸው ቋንቋ የሌለው እሱ ብቻ ነው። ኋላ በጌም መጣ፤ አምሐ አራዳ ካለው ጌም ቤት ከትምህርት ቤት እየቀረ ሲያሳድደው ዋለ። ከዚያ በስልክ መጣ። የወጣለት ስሙ ቲሙ ነው። ዛሬ አራዳ ላይ የቲሙ ፊት የሌለበት ዕቃ መፈለግ ያደክማል፤ የተማሪ ቦርሳ ላይ አለ፣ ካልሲ ላይ አለ፣ የባጃጅ መስታወት ላይ ተለጥፎ አለ። ድብልብሌ ያለችው የትነበርሽ ናት፤ ልጇ ስልክ ላይ ሲያሳያት፣ ይሄ ደግሞ ምን ድብልብል ነገር ነው ብላ።

የትነበርሽ አራዳ ገበያ ጌሾና ብቅል የምትሸጥ፣ ረቡዕና ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ የማትቀምስ ሴት ናት። ዓይኗ ደኅና ሳለ፣ አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ አምሐ ስልኩ ውስጥ ለድብልብሌ እንቁላል ሲሰብርለት አየችው። በእኔ ቤት ያደረ ሁሉ ይጾማል ብላ ተቆጣች። ወለላ በሳቅ ስትንፈራፈር አምሐ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ እውነት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድብልብሌ በጾም ቀን ቅጠል ብቻ፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እንዲበላ ተፈረደበት። አምሐ ለወለላም ነገሩን በጥብቅ አስረዳት፤ ምናልባት አንድ ቀን እሷ ብትመግበው ጾሙን እንዳትሽር፣ እናታቸውን እንዳታስቀይም።

አምሐ ፒያሳ ደረጃ ሥር፣ በር የምታህል ሱቅ ውስጥ ስልክ ይጠግን ነበር። መንገዱ ተዘጋ ሲባል መለዋወጫ ይጠፋል፤ ዳታ ተቋረጠ ሲባል ስልኩን የሚያሠራ ሰው ይጠፋል። አንድ ዓመት ታገሠ፣ ሁለት ዓመት ታገሠ። በሰኔ ለስደት ተነሣ። ከመሄዱ በፊት በእናቱ ስልክ ላይ ድብልብሌን ጫነላት። ድብልብሌው ያው አንዱ ነው፤ እሱም ባለበት፣ እናቱም ባለችበት ሆነው፣ አንድ ቤት እንዳሉ ሁሉ በሁለት ስልክ የሚያሳድጉት። መደወል እንደማይችል ነገራቸው፤ ደላሎቹ የቤተሰብ ቁጥር አገኙ ማለት ልጃችሁን ይዘነዋል ገንዘብ ላኩ ማለት ነው። ከማንም ስልክ ላይ ለአፍታ ገብቶ ድብልብሌን ማብላት ግን አያቅተውም።

«ድብልብሌ ከበላ እኔም በልቻለሁ ማለት ነው» አላት እናቱን። «መብራቱ ከበራ አለሁ ማለት ነው።»

እንዳለውም ሆነ። ከሱዳንም፣ ከበረሃውም፣ ከሊቢያም ድብልብሌን ይመግበው ነበር፤ አንዳንዴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ በሳምንት። የትነበርሽ ስልኳን ስትከፍት ድብልብሌ ያን ቀን የበላውን እንደገና እያኘከ ያሳያታል። እሷ እንኳ በዚያ ጊዜ ሞራው በርትቶባት፣ ከስልኩ ላይ ቢጫ ብልጭታ እንጂ ሌላ አይታያትም። ስለዚህ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። የወንድሟን ሱቅ የተረከበችው ወለላ ማታ ስትገባ የጭራው መብራት ቦግ ማለቱን አይታ ታረጋግጥላታለች። አንዳንድ ቀን እናቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ብቻዋን ስትስቅ ከጓሮ ትሰማት ነበር። ልጄ ደኅና ነው ብላ ደስ ብሏት ነው እያለች ታልፈዋለች።

ጥምቀት ሲደርስ መብራቱ ደበዘዘ። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን ድብልብሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የትነበርሽ እህል አልቀምስ አለች፤ ደም ግፊቷ ተነሣ፤ ከአልጋ ወርዳ ስልኩን ይዛ መደቡ ላይ ትቀመጣለች፣ ወለላ ስትገባ ሳትጠይቅ ፊቷን ቀና ታደርጋለች። በላ ወይ ማለቷ ነው። ወለላ አልበላም ማለት አቃታት። ሱቁ መሳቢያ ውስጥ የአምሐ አሮጌ ስልክ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ተቀምጧል። በአምሐ ስም እንደተከፈተ የቀረውን ድብልብሌ ከፈተችው። ወንድሟ የሞተ አልመሰላትም፤ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ይሆናል፣ እስኪመለስ አንድ ቀን ብደግፈው ምን አለበት ነው ያለችው። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ ቅጠል ሰጠችው።

ማታ ስትገባ እናቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አገኘቻት። ሳቅ የለም። ረጅም ጊዜ ካዳመጠች በኋላ ዝቅ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው ወለላ?»

«ረቡዕ ነው እማዬ።»

«እህ» አለች። ቆይታም፣ «በልቷል እንግዲህ» አለች።

ያን ማታ እህል ቀመሰች። በማግስቱ ደግሞ፣ ስንት ጊዜ ተለምና እምቢ ያለችውን ሕክምና፣ ዓይኔን አሳዩኝ አለች። ወለላ ደስታዋ ወሰን አጣ። አንዲት ቅጠል ይህን ሁሉ አደረገች ብላ፣ ፈጣሪ ውሸቷን ይቅር እንዲላት ባታ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ሻማ አበራች። ከዚያ ሕክምናው ሆነ፣ ከዚያ የአለነ ስልክ መጣ። ሰው ለአንድ ቀን ብሎ የያዘው ውሸት እንዲህ አድርጎ ነው ዕድሜ የሚገዛው።

ከዚያ ወዲያ ወለላ የሞተ ወንድሟን ሆና ድብልብሌን ትመግብ ጀመር። ጠዋት ሱቅ ትከፍታለች፤ መሳቢያውን ስባ የተሰነጠቀውን ስልክ ታወጣለች፤ ድብልብሌ ቆሞ ይንጫጫል። በፍስክ ቀን እንቁላል ይሰጠዋል፣ ወተት ይሰጠዋል። ረቡዕና ዓርብ ዘጠኝ ሰዓትን ጠብቃ ቅጠል። ነነዌ ሲገባ ሦስቱንም ቀን አስጾመችው፤ እሷ ራሷ በሁለተኛው ቀን ቁርስ በልታ ሳለ። አምሐ ቢኖር እንዲህ ነበር የሚያደርገው እያለች፣ በአንዲት ነገር እንኳ እንዳትሳሳት ትጠነቀቅ ነበር። ሟች ወንድሟን ከማልቀስ ይልቅ እሱን ለመምሰል ስትለፋ ነው የካቲት የተጋመሰ።

አንድ ጊዜ ግን ልቧ ከዳት። አለነ ተሳስቶ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ገባባት። በጨለማ፣ በማዕበል ውስጥ የነበረ ሰው ማን ወጣ ማን ቀረ በምን ያውቃል? ሌላ መርከብ አንሥቶት ቢሆንስ? አንድ ቀን ሙሉ ሳትመግበው ቀረች። በየደንበኛው መካከል መሳቢያውን ሳብ እያደረገች ታያለች። አምሐ በሕይወት ካለ ይመግበዋል። ምሳ ሰዓት መብራቷ ብርቱካን ሆነች፤ አሥር ሰዓት ላይ አመድ መሰለች። በማግስቱ ጠዋት ድብልብሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ወለላ ሱቁን ከውስጥ ቆልፋ፣ የስልክ ከቨር የተከመረበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ አበላችው፤ እናቷ ስልኳን የምትከፍትበት ሰዓት ደርሶ ነበርና።

ያን ዕለት ከሰዓት አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ይዛ ገባች። ልጅቷ የቲሙ ሥዕል ያለበት ከቨር ፈለገች፣ ያውም ጭራው በጨለማ የሚያበራውን። ወለላ ስታወጣላት፣ ልጅቷ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ቲሙ ታስረዳ ጀመር፤ ቲሙ እንደማይሞት፣ የተኛ ሲመስል እንኳ ካበሉት እንደሚነሣ። እናትየዋ በልጇ እየኮራች ሳቀች። ወለላም ከሷ ጋር ሳቀች፤ የሳቋን ድምፅ ግን ራሷ አልወደደችውም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የሚያውቁት ሁሉ የትነበርሽን ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ ለዓይኗ ነው የመጣነው ይላሉ፣ ብርቱካንና ስኳር ይዘው፣ ፊታቸው ግን የለቅሶ ፊት ነው። እትዬ ምንዳዬ በተለይ፣ በገባች ቁጥር እንባዋ ይመጣና ሽንኩርት ስከትፍ ውዬ ትላለች። የትነበርሽ በጥቁር መነጽር የተሸፈነ ዓይኗን ወደ ድምፁ አዙራ፣ ይኸን ያህል ሽንኩርት ምን ልትሠሪበት ነው አለቻት አንድ ቀን። ሁሉም ሳቁ። ወለላ ደንግጣ እናቷን አየቻት፤ የእናቷ ፊት ግን ምንም የለበትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው እንዲህ ላለው ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ ወለላ ግን ያን ጊዜ ይህ አልታያትም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሐኪሙ ዓይኗን መርምሮ ድናለች አለ። ጥቁሩን መነጽር አወለቀላት። የትነበርሽ ከሐኪም ቤት እስከ ቤቷ ባጃጅ ውስጥ ሆና ሁሉንም በዝምታ ስታይ ሄደች፤ የፋሲልን ግንብ፣ ዋርካውን፣ ሰው የሚራኮትበትን የታክሲ ሰልፍ። ወለላን ግን አየት እያደረገች ዓይኗን ትመልሳለች። ቤት እንደደረሱ ስልኩን አምጪልኝ አለች። ከፍታ፣ ልጇ ከሄደ ወዲህ ድብልብሌን መጀመሪያ ጊዜ በዓይኗ አየችው። የፍስክ ቀን ስለነበር ወለላ ጠዋት እንቁላል ሰጥታዋለች። እንቁላሉን ቀርጠፍ አድርጎ ሲያስነጥሰው ሁለቱም አዩት።

«ድሮም ሸጋ ነበር» አለች የትነበርሽ፣ ስልኩን እየመለሰች።

በዚያው ምሽት አያ ባህሩ ወለላን ደጅ ጠርቶ፣ ነገ ንጋት ላይ ነው አላት። ሰዎቹ ተነግረዋል፤ ሴቶቹ ከእትዬ ምንዳዬ ጓሮ ይጠብቃሉ፣ ወንዶቹ በር ላይ ይቆማሉ፣ የንስሐ አባቷ ቃሉን ይናገራሉ። እሷ እናቷን ከኋላ ደግፋ እንድትይዝ፣ እንዳትፈጠፈጥ፣ ፊቷን እንዳትቧጥጥ። ወለላ እሺ አለች። ስለ ድብልብሌ ልትነግረው አስባ ነበር፤ ግን ከየት ተነሥታ ትነግረዋለች? አንድ ክብ ነገር አለ፣ ጭራው ያበራል፣ እናቴን ያሳመንኳት በሱ ነው ትበለው? አያ ባህሩ ደግ ሰው ነው፤ ይህን ቢሰማ አእምሮዋ ተነክቷል ብሎ ሌላ ሽማግሌ ይሰበስብ ነበር።

ንጋት ላይ፣ ገና ብርዱ ሳይሰበር፣ ጋቢ የተከናነቡ ወንዶች በሩን አንኳኩ። ወለላ ልትከፍት ስትነሣ እናቷ ቀድማ ተነሥታ መደቡ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ባሏ የሞተ ጊዜ ያሰረችው ሻሽ ነው። በሩን የከፈተችው የትነበርሽ ራሷ ናት።

የንስሐ አባቷ መስቀላቸውን አውጥተው፣ እንግዲህ ልጄ፣ የእግዚአብሔር ሥራ ብለው ሲጀምሩ እጇን አነሣች።

«ግቡ አባቴ፤ ብርድ ነው» አለች። «ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?»

ወንዶቹ ተያዩ። ጩኸት ሲሰሙ ሊወጡ የተዘጋጁት ሴቶች ጩኸቱ ሲቀር ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው፣ እትዬ ምንዳዬ አንገቷን በአጥሩ ላይ አሳልፋ ታያለች። የትነበርሽ ሁሉንም አስቀመጠቻቸው። ከዚያ አያ ባህሩን፣ የት ነው አለችው። ባሕር ላይ አላት። መቼ አለች። የከተራ ዕለት አላት። አስከሬኑስ ስትል አያ ባህሩ ጋቢውን አፉ ላይ ያዘ። እሷም መልሳ አልጠየቀችውም።

ወለላ እግሯ ሥር ወደቀች። ይቅር በይኝ፣ እኔ ነኝ ያበላሁት፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው አለች፤ የተቀሩት ምን እንደምትል አልገባቸውም። የትነበርሽ እጇን የልጇ ራስ ላይ አሳረፈች።

«አውቃለሁ» አለች። «ከመጀመሪያው ቀን ነው የጠረጠርሁ። አምሐ አንድም ረቡዕ አስጹሞት አያውቅም።»

ወለላ ቀና አለች።

«አንቺ ስትኖሪ ቅጠል ነው ይላል። ብቻችንን ስንሆን እንቁላሉን ይሰብርለታል። ምነው ልጄ ስለው፣ ቅጠል ነው እማዬ፣ የሚያስነጥሰው ጉንፋን ይዞት ነው ይለኛል። ከሄደም ወዲያ የገናን ጾም ሙሉ እንቁላል ሲያበላው ከረመ። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ማስነጠሱን ስሰማ እስቃለሁ፤ ይህ ውሪ፣ በሰው አገርም አልተወውም እላለሁ። ያቺን ረቡዕ ግን አላስነጠሰም። ቅጠል ሲቆረጥም ነው የሰማሁ። እንግዲህ መከራው ልቡን መልሶት ይሆናል አልሁ። በዓይኔ ላየው ብዬም ነው ልታከም ያልሁ። ዓርብም ቅጠል ሆነ። የሚቀጥለውም ረቡዕ ቅጠል። ነነዌን ሦስቱን ቀን የጾመ ጊዜ ጨርሼ አወቅሁ።» እዚህ ላይ ከንፈሯ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «አምሐ፣ ነነዌ ሊጾም!»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል። አንዱን ልጇን በአመሉ ታውቀዋለች፣ ሌላዋን በጥንቃቄዋ። ወለላ በዚያ ሁሉ ቀን ወንድሟን እመስላለሁ ብላ ስታደርግ የነበረው እሱ ፈጽሞ የማያደርገውን ነበር። ባታስጾመው ኖሮ፣ ትንሽ ግዴለሽ ብትሆን ኖሮ፣ እናቷ እስከዚህች ንጋት ወንድ ልጅ ይኖራት ነበር።

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?» አለች ወለላ።

«ብነግርሽ ማብላቱን ትተይው ነበር» አለች የትነበርሽ። «አንቺም መርዶው ሳይነገረኝ እንዳላለቅስ ብለሽ ነው ስታበይው የከረምሽ። እኔም መርዶ ሳልሰማ ምን ብዬ ላልቅስ? በፍስክ ቀን ደግሞ ያስነጥሰዋል። በፍስክ ቀን አምሐ ነው እላለሁ።»

ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እንባዋን ነበር፤ እንባዋ ግን አልመጣም። ዓይኗ ደረቅ ነው። ወደ አያ ባህሩ ዞራ፣ ዓይኔ ዳነ አላችሁኝ፣ ለምን ይሆን ያዳናችሁት አለችው። ቁጣ አልነበረበትም፤ በእውነት የምትጠይቅ ይመስል ነበር። አያ ባህሩ ወደ መሬት አየ።

በዚህ መካከል መደቡ ላይ ያለው ስልክ ተንጫጫ። ድብልብሌ ነው፤ ሲነጋ ይነሣና ቁርሱን ይጠይቃል። የቅርብ ዘመዶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የእድሩ ዳኛ ሁሉ ድምፁ ከየት እንደመጣ ዙሪያውን አዩ። ወለላ ልታጠፋው እጇን ዘረጋች።

«አብዪው» አለች እናቷ።

ወለላ ከሱቅ ይዛው የመጣችውን የተሰነጠቀ ስልክ ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። ጣቷ ቅጠሉ ላይ ሄደ።

«እንቁላል ስጪው።»

«ረቡዕ ነው እማዬ» አለች ወለላ፤ ለምን እንዳለችው ራሷም አታውቅም። «ገና ዘጠኝ ሰዓት አልደረሰም።»

«እንቁላል ስጪው አልሁሽ።»

ሰጠችው። የትነበርሽ የራሷን ስልክ አንሥታ፣ ዓይኗ ድኖ ሳለ እንኳ እንደ ድሮው ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበርና ሁሉም ሰሙት። እንቁላሉ ተሰበረ። ድብልብሌ ቀረጠፈ፣ ዋጠ። ከዚያ አስነጠሰው።

«ጉንፋን ይዞት ነው» አለች የትነበርሽ።

ያኔ አለቀሰች። ድምፅዋ ከቤቱ ሲወጣ በአጥሩ ወዲያ ያሉት ሴቶች ተቀበሏት፤ ሠፈሩ ነቃ፤ ወለላ እንደታዘዘችው ከኋላዋ አቅፋ ይዛት፣ ሁለቱም አብረው ወደቁ። እስከ ረፋድ ድረስ ማንም ሊያነሣቸው አልቻለም። ስልኩ መደቡ ላይ ተገልብጦ፣ የድብልብሌ መብራት ቦግ ብላ በርታ ነበር።